ሌዘሩ፣ ዳሌዬና አራቱ ሽማግሌዎች

በዚህ ከተማ ሐኪም ለመሆን ዓመታት መማር አያስፈልግም። አጠገባችሁ ያለ ሰው ወገቡን ይዞ "እህህ" ካለ ያኔውኑ ተመርቃችኋል። እኔ ግራ ዳሌዬን ጀምሮኝ፣ ሕመሙ በጭኔ ቁልቁል ወርዶ እስከ እግሬ ጣት ሲነዝረኝ፣ ከለቡ መብራት ኃይል ታክሲ መውረጃ እስከ ቤቴ ባለችው መንገድ ብቻ ሦስት ሐኪም አገኘሁ። አንዷ ጨው አሙቀህ በጨርቅ ቋጥረህ ተኛበት አለችኝ። ሌላው ያጎቱን እጅ ያዳነ ወጌሻ ስልክ ሰጠኝ። ጎማ የሚለጥፈው ጎረቤቴ ደግሞ በሆድህ ተኛና ልርገጥልህ ብሎ እዚያው ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። ሁሉም የተስማሙበት ነገር ቢኖር "ነርቭ ነው" የሚለው ነው። እኛ ዘንድ ራስ ምታትም ነርቭ ነው፣ ንዴትም ነርቭ ነው፣ የአማት ነገርም ነርቭ ነው። የሚያናድደው የእኔ እውነትም ነርቭ ሆኖ መገኘቱ ነው።

እውነተኛው ሐኪም ከወገብ ተነስቶ በዳሌ በኩል ወደ እግር የሚወርድ፣ ሳያቲክ የሚባል ነርቭ ተቆንጥጧል ብሎ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እያነከስኩ እኖር ነበር። ያገሬ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚሞክረው መልመድ ነው። አሁን ግን ቀን ተቆርጦብኛል፤ ለልጄ ለማህሌት ሽማግሌ ሊላክ ነው። ሽማግሌ ሲመጣ ከሴት አባት የሚጠበቀውን ታውቁታላችሁ። ቀጥ ብሎ መቆም፣ ፊት አለመስጠት፣ ቶሎ እሺ አለማለት። እኔ ዘነበችን ላገባ ሽማግሌ በላክኩ ጊዜ አማቴ ሦስት ጊዜ አመላልሰዋቸዋል። በሦስተኛው ዝናብ ደብድቧቸው ነው የገቡት። እኔም የማህሌትን ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ላመላልስ ለራሴ ከማልኩ ቆየሁ። ምን በደሉኝ? ምንም። ወግ ነው።

ማህሌት ይህን ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። ልጁ ገመቹ ይባላል፤ ነፋስ ስልክ አንድ መሥሪያ ቤት አብረው ይሠራሉ። ቤተሰቦቹ የፉሪ ነባር ገበሬዎች ናቸው። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ታላቅ አጎቱ ኦቦ ቱሉ፣ ዙሪያቸው ፎቅ በፎቅ ቢሆንም ዛሬም ማለዳ ተነስተው ላማቸውን የሚያልቡ ሰው ናቸው።

"አባዬ" አለችኝ ልጄ፣ "ኦቦ ቱሉ ቃላቸውን አንዴ ነው የሚናገሩት። ከመለስካቸው ሁለተኛ አይመጡም። ገመቹ ደግሞ እሳቸው ካልመረቁት አያገባም።"

"እናያለን" አልኳት። "እናያለን" አባት ማሰብ ሲሰለቸው የሚናገራት ቃል ናት።

እንግዲህ ቀጥ ብዬ ልቀበላቸው በሌዘር ጨረር መታከም ጀመርኩ። ፊዚዮቴራፒስቷ ቤዛ ትባላለች፤ ድምፀ ለስላሳ፣ ትእዛዟ ግን የሻለቃ። ጥቁር መነጽር አስደርጋ በጎኔ አስተኛችኝና ወፍራም ብዕር የምታክል ነገር ዳሌዬ ላይ አሳረፈች። እኔ እንደ ብየዳ ብልጭታ ይወጣል፣ ሥጋ ሥጋ ይሸታል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ። ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ።

"ጀመርሽ እንዴ?" አልኳት።

"ጨረስን እኮ፣ ጋሼ።"

ምንም አላመመኝም፤ ቅር አለኝ። እውነቴን ነው፤ እኛ መድኃኒት ብለን የምናውቀው ኮሶን ነው። ካላንገሸገሸ፣ ካልቆጠቆጠ፣ ቢያንስ በመርፌ ካልተወጋን ታከምን አንልም። እኔም ከክሊኒኩ ስወጣ ሰው እንዳይታዘበኝ ትንሽ አነከስኩ። ቤዛ ግን ገብቷታል። "ሌዘሩ ሕመሙን ያስታግስልዎታል እንጂ ዋናው ሥራ የእርስዎ ነው" ብላ ጠዋትና ማታ የሚሠራ እስፖርት አሳየችኝ። በሆድ ተኝቶ፣ ክርን ከደረት ሥር አድርጎ፣ ቀስ ብሎ ቀና ማለት። "ድንገት ሲይዝዎትም አይታገሉት፤ ባሉበት ይተኙና ይህን ይሥሩ። ሶፋ ላይ ብዙ አይቀመጡ።" ሰማሁ። ሥራ ሲባል ግን ጡረታ ወጥቻለሁ። ያን የመሰለ መሣሪያ እያለልኝ እንደ ሕፃን በሆዴ መዳሁ ምን አመጣው? ማህሌት "ሠራህ?" ስትለኝ "ሠራሁ" እላለሁ። ትንሽ ቀለል ሲለኝ ጊዜ ደግሞ ድኛለሁ ብዬ ለሰፈሩ አወጅኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አራቱ ሽማግሌዎች ነጫጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው መጡ። ኦቦ ቱሉ ከፊት ናቸው፤ ረጅም፣ ግርማ ያላቸው፣ ዱላቸው እንኳ የሚያስፈራ። እኔ ክብሬን ለብሼ ለአንድ ሰዓት ያህል ሶፋው ላይ ተጎልቼ ስጠብቅ ነበር። "ኖር" ብዬ ብድግ አልኩ። ማለቴ፣ ግማሼ ብድግ አለ።

ዳሌዬ ቀጭ ብሎ ያዘኝ፤ እንደጎነበስኩ ቀረሁ። ወደ ላይ የለ፣ ወደ ታች የለ።

እንግዲህ አስቡት። ይኮራል፣ ይጎራል የተባለው የሴት አባት ግንባሩ ጉልበቱን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው አጎንብሶ ተገኘ። ኦቦ ቱሉ ደግሞ በትሕትና የሚበለጡ ሰው አይደሉም። ከእኔ ዝቅ ብለው አጎነበሱ። ሦስቱም ተከተሏቸው። ቀና እስክል ይጠብቃሉ፤ እኔ ቀና አልልም። አለማለቴን ሲያዩ ጨምረው ዝቅ አሉ። በእኛ አገር ሁለት ሰዎች በር ላይ "ይቅደሙ"፣ "የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ" ሲባባሉ ምሳ ይቀዘቅዛል፤ እኛ ደግሞ አምስት ነን። ላቤ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ሲጠራቀም የቤዛ ቃል ትዝ አለኝና ቀስ በቀስ ተንሸራትቼ ምንጣፉ ላይ በሆዴ ተዘረጋሁ።

አንደኛው ሽማግሌ "በስመ አብ" ሲል ሰማሁ።

"ኧረ በማርያም ይነሱ" አሉ ኦቦ ቱሉ ደንግጠው። "ለማኞቹ እኛ ነን፤ እርስዎ ምን አድርገው ይሰግዳሉ?" ሊያነሱኝ ይበልጥ ጎንበስ አሉና "ዋይ" ብለው እዚያው ቀሩ። ከዚያ በጉልበታቸው፣ ከዚያ በክርናቸው፣ በመጨረሻ በሙሉ ቁመታቸው አጠገቤ ወረዱ። ፊት ለፊት ተያየን።

"ዳሌ ነው?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ዳሌ ነው። እግር ድረስ ይወርዳል።"

"ግራ?"

"ግራ።"

"የኔ ቀኝ ነው" አሉ፣ ውርስ በሰላም እንደተካፈለ ሰው ደስ ብሏቸው።

ክርንዎን ከደረትዎ ሥር ያድርጉ አልኳቸው። ሁለታችንም እንደ እንሽላሊት ቀና፣ ዝቅ፣ ቀና፣ ዝቅ አልን። ሳቄ መጣ፤ እሳቸውም ሳቃቸው መጣ፤ ሲስቁ ደግሞ ያማቸዋል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከላያችን እንደቆሙ ናቸው። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም የሚለው ወግ፣ ስለተኛ ሰው ምንም አይልም።

"እንግዲህ" አሉ ኦቦ ቱሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "መቼም መጥተናል። ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው።"

መልሴን ሳምንት ሙሉ መስታወት ፊት ተለማምጄዋለሁ። እናስብበት፤ ዘመድ እናማክር፤ ሌላ ቀን ተመለሱ። አፌን ከፈትኩ። ነገር ግን መሬት የተኛ ሰው ቆሞ የማያየውን ያያል። የጓዳችን መጋረጃ ከወለሉ ስንዝር ከፍ ይላል፤ በዚያች ስንዝር የማህሌት ባዶ እግሮች ታዩኝ። አንዱ እግር ሌላውን ረግጦ፣ ጣቶቿ ተጨምድደው። ትንሽ ሆና ጥፋት አጥፍታ ቁጣዬን ስትጠብቅ እንዲህ ነበር የምትቆመው። ልጄ በሠርጓ ነገር ፈርታ ቆማለች፤ የፈራችው ደግሞ ኦቦ ቱሉን አይደለም።

"ሰጥተናል" አልኩ።

ዘነበች ከጓዳ እልልታዋን ለቀቀችው። ሦስቱ ሽማግሌዎች እፎይ ብለው ተቀመጡ። ሙሽሪት ሽማግሌ ፊት አትታይም የሚለውን ወግ የት እንደጣለችው እንጃ፣ ማህሌት መጋረጃውን ገልጣ ሮጣ መጣችና በብብቴ ገብታ ደገፈችኝ። "ቀስ፣ አባዬ፣ በኔ ላይ ጣለው" እያለች አነሳችኝ። ቆምኩ። ዓይኔ ዕንባ አቅርሮ፣ አንድ እጄ ትከሻዋ ላይ ሆኖ፣ ልመርቃት ስል ከምንጣፉ ድምፅ መጣ።

"እኔንስ፣ ልጄ?" አሉ ኦቦ ቱሉ።

ማህሌት እጄን ከትከሻዋ ላይ ቀስ አድርጋ አወረደችና እሳቸውን ልታነሳ ጎንበስ አለች። መስጠቴ የገባኝ ያኔ ነው።