ቦሩ ይመጣል ተብለን

መንገድ መሄዱን እንጃ እንጂ መንገድ ማሰቡን የሚያህል ነገር የለም። አትሳቁብኝ። ስታስቡት እግር አይላጥም፣ ውሃ አያልቅም፣ አህያ አይለግምም። ቁጭ ብላችሁ አገር ታቋርጣላችሁ። እኔና ከድር ከነገሌ ቦረና ተነስተን ስንቴ የባሌን ተራሮች ወጥተን እንደወረድን የምናውቀው እኛው ነን። ታዲያ ሁሉንም ከሱቁ ባንኮኒ ሳንርቅ ነው።

ከድር የነገሌ ልጅ ነው። ወላጆቹ ከጉራጌ አገር መጥተው ሱቅ ከፍተው፣ እሱን እዚያው ወለዱ፤ አባቱ ሲሞቱ ሱቁ ለእሱና ለእናቱ ቀረ። እኔ ደግሞ ከደጋ ተመድቤ የመጣሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ማታ ማታ ከሱቁ በር ላይ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጬ ስለ አገሬ እለፈልፋለሁ። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ስለ ውርጭ ያወራሁለት ዕለት ነው። ጠዋት ስትወጣ ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ፣ ስትረግጠው ይንኮሻኮሻል አልኩት።

«ስትረግጠው ድምፅ አለው?» አለኝ።

አለው አልኩት። በቃ። ከድር ከዚያ ወዲያ ሌላ አላማረውም። በገዛ እግሩ ተራራ ወጥቶ ውርጭ መርገጥ! ሰው አገር የሚያህል ነገር ያምረዋል፤ የእኔ ወዳጅ ያማረው ሣር መርገጥ ነው። ግን እንደዚያ ከልቡ የሆነ ምኞት በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም፣ እውነቴን ነው።

ማቀድ ጀመርን። ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ካርታ አለ። ክር ይዘን ገባን። ከነገሌ ገናሌን ተሻግረን፣ መናን አልፈን፣ የሐረናን ጫካ ሰንጥቀን፣ ሳነቴ አናት ላይ ወጥተን፣ ጎባ መውረድ። በክር ሲለካ ቅርብ ነው። ካርታውን መገልበጥ ግን አልደፈርንም። በዚያ በደርግ ዘመን ካርታ ይዞ በእግር የሚሄድ ሰው ወይ ወታደር ነው ወይ ሰርጎ ገብ። ስለዚህ እንደ ውዳሴ በቃላችን ያዝነው። ከድር ስኳር እየመዘነ «ገናሌ፣ መና፣ ሐረና፣ ሳነቴ» ሲል ደንበኛው የሰው ስም የሚጠራ ይመስለው ነበር።

ቀጥሎ ከረጢት። ልብስ ሰፊው ከአሮጌ የመኪና ሸራ በትከሻ የሚታዘል ሁለት ከረጢት ሰፋልን። ታዲያ መለማመድ አለብን አይደል? ሞልተን አዝለን ገበያውን መዞር ጀመርን። ያየን ሁሉ ደነገጠ። አንዱ ቤት ለቅቃችሁ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። አንዲት ቅቤ ሻጭ በአማርኛም በኦሮሚኛም እያዘነችልን እርጎ አጠጣችን። የከድር እናት እማ ሩቅያ ደግሞ እኛ ከረጢቱን ባስቀመጥን ቁጥር አንድ ነገር ይጨምራሉ። በሶ፣ ቆሎ፣ መርፌና ክር። አንድ ቀን ብረት ምጣድ አገኘሁበት። «ተራራ ላይ ከማን ትዋሳላችሁ?» አሉኝ።

የቀበሌውን ይለፍ ላውራላችሁ? ሊቀ መንበሩ ለምን ጉዳይ ነው የምትሄዱት አለን። ከድር የዋህ ነው፣ ተራራ ለማየት አለ። ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ። አይታችሁስ አለ። አይተንማ እንመለሳለን አልነው። ይኼን ያህል አገር በእግር ሄዶ፣ አይቶ ብቻ የሚመለስ ሰው የለም ብሎ ተቆጣ። በመጨረሻ ለእሱም ለእኛም እንዲቀል «ለዘመድ ጥየቃ» ብሎ ጻፈልን። ስንወጣ ከበሩ ጠርቶን «ለመሆኑ ከተራራው ጋር በማን በኩል ነው የምትዛመዱት?» አለ።

የቀረን መሪ ነው። መሪ ደግሞ ኦቦ ጋልገሎ ነበሩ፤ ጨው ጭነው ወደ መና የሚመላለሱ የቦረና ሽማግሌ። ቦረና አገር ሰው የተወለደበትን ሰዓት ስሙ አድርጎ ይዞት ይዞራል። ሲመሽ የተወለደ ጋልገሎ ነው፣ ቀን የተወለደ ጉዮ፣ ሲነጋ የተወለደ ቦሩ። ኦቦ ጋልገሎ ግመሎቼ ሲደርሱልኝ ዋዜማውን በሱቁ በኩል አልፌ እነግራችኋለሁ አሉን። በማግስቱ ሲነጋ ከከተማው መውጫ፣ ትልቁ ግራር ሥር። «እኔ ባይመቸኝ የወንድሜን ልጅ ቦሩን እልካለሁ» ብለው ጨመሩ። ምነው ባልጨመሩ!

አንድ ቀን ከድርም እኔም በሌለንበት ኦቦ ጋልገሎ ሱቁ ብቅ አሉ። እማ ሩቅያ ብቻቸውን ናቸው። ሱቁ ውስጥ ጉራግኛ፣ አማርኛና ኦሮሚኛ በአንድ ሚዛን ነው የሚመዘኑት። ሽማግሌው የነገሯቸው «ቦሩ ዱፋ» ብለው ነው። እማ ሩቅያ ለእኛ ሲያደርሱ ግማሹን ተረጎሙ፣ ግማሹን እንዳለ ተዉት።

«ኦቦ ጋልገሎ መጥተው ነበር። ቦሩ ይመጣል ብለዋል» አሉን።

መቼ አላቸው ከድር። «ሲመጣ ትጠይቁታላችሁ እንጂ እኔ ምን አውቄ» አሉት። እኛም ከረጢታችንን ከበሩ አጠገብ አስቀምጠን ቦሩን መጠበቅ ጀመርን።

ቦሩ እውነትም መጣ። በስንተኛው ቀን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ፍየል ሊሸጥ ነው የመጣው። ከድር ባንኮኒውን ተሻግሮ አቀፈው። ቦሩ የማይቸኩል ልጅ ነው፤ አካም አለን፣ ናጋ አለን፣ ከብቱን፣ ልጁን፣ ዝናቡን፣ ሣሩን ጠየቀን። እኛ ከብት የለንም፣ ግን ደኅና ነው እያልን መለስን። ሻይ ጠጣ፣ ብስኩት በላ። በኋላ ከድር አላስችል ብሎት መቼ ነው የምንነሳው አለው።

«ወዴት?» አለ ቦሩ።

ሳነቴ ነዋ፣ አጎትህ ልከውህ የለ እንዴ ስንለው፣ ልጁ ብስኩቱን አስቀመጠ። «አጎቴ ከሄዱ ቆዩ እኮ። ግራሩ ሥር ፀሐይ እስኪከር ጠበቋችሁ። ቦሩ እመጣለሁ ብያቸው ቀሩ፣ የከተማ ሰው ሐሳቡን ይለውጣል ብለው ሄዱ» አለን።

ቦሩ ማለት በኦሮሚኛ «ነገ» ማለትም ነው፤ ሽማግሌው «ነገ እመጣለሁ» ነው ያሉት። ይህን እናንተ ላታውቁ ትችላላችሁ። እኛስ? እኛ እናውቃለን! ከድር እኮ ዕቃ ያለቀበት ዕለት ለደንበኛው ሁሉ «ቦሩ ኮቱ፣ ነገ ና» እያለ ነው የሚሸኘው። ቃሉን ያበላሸብን ስሙን ማወቃችን ነው። ሦስታችንም እስኪያመን ሳቅን። ግድ የለም፣ ኦቦ ጋልገሎ ከዝናቡ በኋላ ይመለሳሉ አልን።

ከዝናቡ በፊት ግን ሌላ ነገር ደረሰ። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ስም ጠራ። ከድር አለበት። እኔ አስተማሪ ስለሆንኩ ታለፍኩ። በካሚዮን ሲጭኗቸው ያን የሸራ ከረጢት አዝሎ ነበር፤ ብረት ምጣዱን ብቻ አውጥቶ ለእናቱ መለሰላቸው። ወደ ሰሜን ወሰዱት። ተራራ ወዳለበት።

እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሄደን ቢሆን ኖሮ ከመዝመት ይድን ነበር ወይ? አይድንም፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ጊዜ፣ እሱ ሲያሻው ተነስቶ፣ ሲደክመው ተቀምጦ፣ በሱ ፈቃድ አንድ ተራራ በወጣ ነበር። ያችን አንድ ቀን ነው የምመኝለት።

ደርግ በወደቀ ሰሞን የተበተነው ወታደር በየመንገዱ ሲጎርፍ፣ ከድርም ግማሹን በመኪና ግማሹን በእግሩ አድርጎ ነገሌ ገባ። ከእኔ ያነሰው ልጅ ከእኔ ቀድሞ ሸብቶ ነበር። እማ ሩቅያ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አላለቅስ አሉ፤ ብቻ ያዩታል። እኔ ነኝ ጅሉ። ሌላ ጥያቄ የጠፋ ይመስል፣ ተራራው እንዴት ነበር አልኩት።

«የቱ?» አለኝ።

ቆይቶ ግን አወራኝ። ውርጭም ረገጥኩ አለ። «ድምፅ አለው፣ እውነትህን ነው። ጠላት እንዳይሰማ ቀስ ብላችሁ ርገጡ ይሉን ነበር።» እይታውስ አልኩት። ተሸክመህ ስትወጣ ቀና ካልክ ትወድቃለህ አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት ያየው የፊቱን ሰው ተረከዝ ነው።

አሁን እኮ ይለፍ የሚጠይቅ የለም፣ እንሂድ አልኩት። ሳቀ። «እኔ ይበቃኛል፣ አንተ ሂድ። አይተህ ንገረኝ» አለኝ።

ሄድኩ። በእግሬ አይደለም፤ ብቻዬን ምን ሊሆንልኝ? በጭነት መኪና፣ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ። ሳነቴ አናት ላይ ስንደርስ አውርደኝ አልኩት። ወረድኩ። ጉም ነው። ወደ ቀኝ ጉም፣ ወደ ግራ ጉም፣ የመኪናው አፍንጫ እንኳ አይታይም። ያን ያህል ዓመት የታቀደ ተራራ! ይገለጥ እንደሆነ ብዬ ቆምኩ። ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። ወጥቼ ተቀመጥኩ።

ነገሌ ስመለስ ከድር ሱቁን ዘግቶ ጠበቀኝ። ምን ልበለው? ነገርኩት። እስከ ሱማሌ ጠረፍ ድረስ ቆላው ከእግሬ ሥር ተዘርግቶ፣ ሐይቆቹ እንደ መስታወት ሲያበሩ፣ ገናሌ እንደ ክር ስትጠመዘዝ፣ ምኑ ቅጡ! የትምህርት ቤቱን ካርታ አንድም ሳላስቀር አነበነብኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠኝ። ስጨርስ ዓይኑን ሳይገልጥ «በል ድገመው» አለኝ።

ደገምኩለት። በሁለተኛው ላይ ሐይቆቹ ቦታ ተለዋወጡብኝ፣ ወንዙም በሌላ በኩል ፈሰሰ። የገባው ይመስለኛል። ግን አላቋረጠኝም።