የአቶ ቨርሊን ታኬትን አልጋ አነጣጠፍና አተነፋፈስ የተመለከተ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9
ቦታ፦ ካውደን ሆሎው፣ ምሥራቅ ኬንታኪ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ፎቅ ላይ ያለው አዳራሽ

የተገኙ፦
አቶ ሆባርት አይሰን፣ የቀድሞ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ፣ ሰብሳቢ
አቶ ቨርሊን ታኬት፣ እንደዚሁ፣ አባል
ወ/ሮ ኦፓል ስሎን፣ የአቶ ቨርሊን ሟች ባለቤት እህትና ጎረቤታቸው፣ አባል
ወ/ሮ ሮንዳ፣ የአቶ ቨርሊን ልጅ፣ ከሌክሲንግተን ከተማ፣ ድምፅ የሌላቸው ታዛቢ
ወ/ሮ ኢሞጂን ስፓርክስ፣ ጸሐፊ

ስብሰባው ለ9 ሰዓት ቢጠራም፣ አባላቱ በሙሉ የሳንባ ሕመምተኞች ስለሆኑና አዳራሹ ደረጃ ስላለው በ9፡40 ተጀመረ። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል፤ ትንፋሽ ግን ገና ነበር።

አጀንዳ 1፦ ሰው በቤቱ ምን ያህል ይችላል?

የክሊኒኩ የሳንባ ባለሙያ እስካሁን አቅማችንን የምትለካው ኮሪደር ላይ በማስኬድ እንደነበር ሰብሳቢው አስታወሱ። አሁን ግን "ሰው ኮሪደር ውስጥ አይኖርም፤ የምትፈተኑበትን የቤት ሥራ እናንተው ምረጡ" ብላ ጉዳዩን ለዚህ የሕመምተኞች ኮሚቴ መርታለች። ወ/ሮ ሮንዳ አባታቸው ብቻቸውን መኖር መቻላቸው በዚሁ ፈተና እንዲታይ፣ ካልቻሉ ግን ወደ ሌክሲንግተን ይዘዋቸው እንደሚሄዱ አስታወቁ። አቶ ቨርሊን "እኔ ሻንጣ ነኝ?" ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው በይደር ተያዘ።

ወ/ሮ ኦፓል አልጋ ማንጠፍ ፈተና ይሁን አሉ። አቶ ቨርሊን ሳንባቸው ደህና ሳለም አንጥፈው እንደማያውቁ በመግለጽ ተቃወሙ። ወ/ሮ ኦፓል "እሱንማ እህቴ እስክትሞት ስትነግረኝ ኖራለች" ሲሉ አረጋገጡ። ከረዥም ውይይት በኋላ፣ ሰው ጤነኛ ሳለ ያልሠራው ሥራ በሳንባው ላይ እንዳይላከክ ተወሰነ።

አቶ ቨርሊን በበኩላቸው በረንዳ ላይ መቀመጥ፣ ፎሶሊያ መቀንጠስና ዜና አንባቢ መሳደብ ፈተና እንዲሆኑ አመለከቱ። ሐሳቡ ደጋፊ አጥቶ ወደቀ። ሰብሳቢው ስድቡ ተነጥሎ ድምፅ እንዲሰጥበት ቢጠይቁም ሰሚ አላገኙም።

አጀንዳ 2፦ ሙከራ

የታሸገ ምግብ ከታችኛው መደርደሪያ አንስቶ ላይኛው ላይ መደርደር ፈተና እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አዳራሹ ውስጥ ለችግረኞች የተቀመጡ የባቄላ ቆርቆሮዎች ስለነበሩ፣ አቶ ቨርሊን "አሁኑኑ ላሳያችሁ" ብለው ተነሡ። ወ/ሮ ኦፓል "አንተ ሰውዬ፣ ቀስ በል!" ቢሏቸው "ዞር በዪልኝ!" ብለው ቆርቆሮዎቹን እየተጣደፉ ይደረድሩ ጀመር። ብዙ ሳይቆዩ አንዱ ከእጃቸው አምልጦ ወደቀ። መደርደሪያውን ይዘው ቀሩ፤ ከንፈራቸው ጠቆረ።

ስብሰባው ማንም ተቋርጧል ሳይል ተቋረጠ። ወ/ሮ ኦፓል ወንበር ስበው አስቀመጧቸውና "ከንፈርህን ሰብስብ። ትኩስ ሾርባ እንደምታበርድ አድርገህ አውጣው። አይዞህ፣ ማንም አይቀድምህም" እያሉ አብረዋቸው ተነፈሱ። ሰብሳቢውም ተነፈሱ። ጸሐፊዋም ብዕሯን አስቀምጣ ተንፍሳለች።

ወ/ሮ ሮንዳ የአባታቸውን ኮት አንስተው "በቃ፤ ዛሬውኑ እንሄዳለን" አሉ።

አጀንዳ 3፦ ያልተያዘ

አቶ ቨርሊን ትንፋሻቸው ሲመለስ "ቤቴ እንዲህ አልሠራም። ቁጭ ብዬ አንዷን አነሳለሁ፣ አርፋለሁ፤ ሌላዋን አነሳለሁ። ማን ያባርረኛል?" አሉ።

"ታዲያ እዚህ ምን አስሮጠህ፣ አባዬ?"

"አንቺ እያየሽኝ ነዋ!"

ወ/ሮ ሮንዳ ኮቱን ታቅፈው ተቀመጡ። "ጭራሽ የማትችልበት ቀንስ?"

አቶ ቨርሊን ጣሪያውን ማየት መረጡ። ወ/ሮ ኦፓል "በጠራራ ፀሐይ የበረንዳውን መብራት ያበራል፤ ያኔ እሄዳለሁ" ሲሉ መለሱላቸው። አቶ ቨርሊን ማጥፋት ረስተው እንደሆነ አስተባበሉ። ወ/ሮ ኦፓል "ቁርስ ሠርቼልህ ስትበላም ረስተህ ነው?" ብለዋል።

"ለምን አልነገራችሁኝም?" አሉ ወ/ሮ ሮንዳ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

"ትወስጂዋለሽ ብዬ" አሉ ወ/ሮ ኦፓል። ቀጥለውም ይህ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዳይጻፍ ጠየቁ። ጸሐፊዋ ዘግይተው እንደጠየቁ አሳውቃለች።

ስብሰባው በ11፡15 ከመዘጋቱ በፊት የሚከተለው ተወስኗል፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር፤ ፈተናው ይሰረዝ፤ ባለሙያዋ የእያንዳንዱን ሰው አቅም በገዛ ቤቱ፣ በራሱ አካሄድ፣ እያረፈ ሲሠራ እንድታይ ትጠየቅ። ወ/ሮ ሮንዳም ቅዳሜ አባታቸው ቤት ቀኑን ሙሉ፣ ሳያግዙና "ተው፣ እኔ ልሥራው" ሳይሉ፣ ተቀምጠው ይመልከቱ። ድምፅ የሌላቸው ወ/ሮ ሮንዳ ጭምር እጃቸውን አውጥተው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

አቶ ቨርሊን "ይኼማ የእኔ ሳይሆን የእሷ ፈተና ነው፤ ትወድቃለች" ሲሉ አስመዝግበዋል።