በኋላ የተገጠመው ሹፌር

ትናንት ጋሽ አበጋዝ ሕልም አዩ። ያዩት ደግሞ እንደ ሰው በሌሊት፣ በአልጋቸው ላይ አይደለም፤ ከምሳ በኋላ፣ ሶማሌ ተራ፣ በገዛ ላዳ ታክሲያቸው የኋላ ወንበር ላይ ተጋድመው ነው። እንቅልፍ ከመጣባቸው ቦታ አይመርጡም። ሰርግ ቤትም ልቅሶ ቤትም ተኝተው ያውቃሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዱባይ ያለችው ልጃቸው ከሳተላይት የሚይዝ የመኪና ሬዲዮ ላከችላቸው። ደስ ብሏቸው ሸምሱ ዘንድ ይዘውት ሄዱ። ሸምሱ የመኪና ቴፕና ስፒከር ሲገጥም የኖረ፣ እጁ የተመሰገነ ባለሙያ ነው። የላዳዋን ዳሽቦርድ ሲያይ ግን ፊቱን አጨፈገገ። ቴፑ ከመኪናዋ ጋር አብሮ የመጣ አይደለም፤ በኋላ የተገጠመ ነው። ለአዲሱ ሬዲዮ የሚሆን የገመድ ቀዳዳ እንኳን የለውም።

«ይሄን ነቅለን ብንገላገለው ይሻላል ጋሼ» አለ ሸምሱ። «በካሴት የሚሰማ ሰው ዛሬ ማን ቀረ?»

ጋሽ አበጋዝ ክው አሉ። ቴፑ ውስጥ አንድ ካሴት ተቀርቅሮ ከቀረ ስድስት ዓመቱ ነው። ይጫወታል እንጂ አይወጣም። ባለቤታቸው ውድነሽ ጅዳ ለሥራ ሄዳ በነበረ ጊዜ በደብዳቤ ፈንታ ድምጿን ቀድታ የላከችው ነው። ውድነሽ ዛሬ በሕይወት የለችም፤ ከድምጿ የቀረው ያ ብቻ ነው። «አበጋዝ፣ እየሰማኸኝ ነው ወይስ ተኝተሃል?» ብላ ትጀምርና የመኪናው ዘይት አለመቀየሩን፣ የጣራው ቆርቆሮ ማፍሰሱን፣ ጉልበታቸውን ሐኪም አለማሳየታቸውን እያነሳች ግማሽ ሰዓት ሙሉ ትቆጣቸዋለች። እሳቸው ያንን ቁጣ ካልሰሙ ቀኑ የዋለ አይመስላቸውም።

ይህን ለሸምሱ መንገር አፈሩ። ስልሳ ዓመት የሞላው ሰውዬ በካሴት ያለቅሳል ብሎ ቢስቅብኝስ አሉ በልባቸው። «እስቲ እንግዲህ... እየው» አሉና ከሹፌሩ ወንበር ወርደው ከኋላ ገቡ። ጎኔን ትንሽ ላሳርፍና እነግረዋለሁ ብለው ነበር። ወዲያው እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰዳቸው።

በሕልማቸው መንገድ ዳር ቆመው እየታጠቡ ነበር። አጣቢዋ ሚኒባስ ናት። በጎማ ቱቦ ውሃ ትለቅባቸዋለች። ከጎናቸው ከረባት ያሰረ ሰውዬ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ተራውን ይጠብቃል፤ ማዶ ካለው ካፌ በረንዳ ላይ ደግሞ መኪኖች ተደርድረው ማኪያቶ ይጠጣሉ።

«ከሥርም ይታጠብ?» ብላ ሚኒባሷ ጮኸች።

«ይታጠብ!» አለች ላዳዋ ከካፌው። «ጉልበቱ ላይ ግራሶ ነገር አድርጊበት፣ ይንቋቋል።»

«ፊቱስ? ፊት የለውም እኮ።»

«ነቅዬ ይዤዋለሁ። ሌባ አላስቀምጥ አለን።»

እዚያ አገር ደንቡ ይኸው ነው። እኛ መኪና ስናቆም የቴፑን ፊት ነቅለን በኪሳችን ይዘን እንደምንገባ፣ እነሱም የሹፌሮቻቸውን ፊት ነቅለው ይዘው ይገባሉ። ጋሽ አበጋዝ ፊታቸውን በእጃቸው ዳሰሱት። ልሙጥ ነው፤ አፍም የለ፣ አፍንጫም የለ። ቢሆንም ሁሉን ያያሉ፣ እንዴት እንደሚያዩ ግን አልጠየቁም።

ላዳዋ የኮታቸውን እጅጌ በበሯ ነክሳ እየጎተተች ወሰደቻቸው። መስቀለኛው መንገድ ላይ ነጭ እጅጌ ያጠለቀች አህያ ፊሽካ ነፍታ አስቆመቻቸው።

«የመነዳት ፈቃድ!» አለች አህያዋ።

«የሱ አብቅቶበታል» አለች ላዳዋ። «ላስቀይረው እየወሰድኩት ነው።»

«እንዲያ ከሆነ እለፉ። አሮጌ ሹፌር መንገድ ያጨናንቃል።»

ጋሽ አበጋዝ ይህን ሲሰሙ ከፋቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠቧት፣ ጎማዋን የቀየሩላት፣ በክረምት ገፍተው ያስነሷት መኪና አሮጌ አስብላቸው አለፈች። እርስዎም እንዲህ ይጨክኑብኛል? ሊሏት ፈለጉ። በዚያ አገር መኪና አንቱ ይባላል። ግን አፍ ከየት ይምጣ!

ወዲያው ሸምሱ ቤት ደረሱ። ሸምሱ የለም፤ በሱ ቦታ ከዱባይ የመጣው ሬዲዮ መነጽር አድርጎ ተቀምጧል። በዚያ አገር የሚናገረው ሰው ነው፣ ሬዲዮ ያዳምጣል። ፊት ለፊቱ የቆመው ሰውዬ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲያወራ ሬዲዮው ሰለቸውና የሰውዬውን አፍንጫ ይዞ አዞረው፤ ሰውዬው ስለ እግር ኳስ ማውራት ጀመረ።

«ምን ልርዳ?» አለ ሬዲዮው ለላዳዋ።

«ይሄ ሹፌር ከፋብሪካ አብሮኝ የመጣ አይደለም። በኋላ የተገጠመ ነው» አለች። «ከሰማይ የሚይዝ አዲስ ሹፌር እፈልጋለሁ።»

ሬዲዮው ከመደርደሪያ ላይ አንድ ጎረምሳ አወረደ። ጎረምሳው አናቱ ላይ ክብ ማግኔት ተለጥፎበታል። ሲከፍቱት የኖርዌይን የአየር ጠባይ፣ የብራዚልን ዜና፣ የጃፓንን ሙዚቃ በየቋንቋው አንበለበለው።

«ወይ ጉድ!» አለች ላዳዋ በደስታ። «መርካቶን ያውቃል?»

«እሱን አልያዘም። ጣሪያ ይከልለዋል።»

«ግድ የለም፣ ይለመዳል። ይሄኛውን ንቀሉልኝ።»

ሬዲዮው ካቻቢቴ አንስቶ የጋሽ አበጋዝን ደረት በአራት ብሎን ከፈተ። አላመማቸውም። ውስጣቸው ገመድ በገመድ ነው።

«ቀዩ ሲነቃ የሚሠራበት ነው» አለ ሬዲዮው። «ቢጫው ደግሞ ተኝቶም ቢሆን አይጠፋም፤ ትዝታውን ይዞ የሚያቆይለት እሱ ነው። ይሄ ምንድነው? ውስጡ የተቀረቀረ ነገር አለ።»

ያዘና ነቀነቃቸው። ከደረታቸው ውስጥ የሴት ድምፅ ወጣ።

«አበጋዝ፣ እየሰማኸኝ ነው ወይስ ተኝተሃል?»

ካፌ የነበሩት መኪኖች ሳይቀሩ ሞተራቸውን አጥፍተው አዳመጡ። አህያዋ ፊሽካዋን ከአፏ አወጣች። ጋሽ አበጋዝ ያኔ ፈሩ። እሳቸውን ነቅለው ቢጥሏቸው ግድ አልነበራቸውም፤ እሷን ግን አብረው ሊጥሏት ነው።

«እሱንም ጨምራችሁ አውጡት» አለች ላዳዋ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ስናደድበት ኖርኩ እኮ፤ ዘይት ያልተቀየረልኝ እኔ፣ የምትቆጣው እሷ!»

«ፊቱን አምጪ» አለ ሬዲዮው። «ያለ ፊቱ በደንቡ አይነቀልም።»

ላዳዋ የዳሽቦርድ ኪሷን ከፈተች። የለም። ከወንበሯ ሥር፣ ከኮፈኗ ውስጥ፣ ከትርፍ ጎማዋ ጀርባ ፈለገች። የለም። ጋሽ አበጋዝ በቀስታ የደረት ኪሳቸውን ዳሰሱ። ፊታቸው ከነጺሙ ሞቅ ብሎ እዚያ ተቀምጧል። አላወጡትም። ካላገኙት አይነቅሉኝም ብለው ትንሽ ደስ አላቸው።

«ፊት ከሌለ እንግዲህ መቁረጥ ነው» አለ ሬዲዮው፤ ፒንሳ አነሳና ቢጫውን ገመድ ያዘ።

ጋሽ አበጋዝ ጭንቅ ውስጥ ገቡ። ፊታቸውን ካወጡት አግኝተው በደንቡ ይነቅሏቸዋል። ካላወጡት አፍ የላቸውም፣ ገመዱ ሲቆረጥ ቆመው ማየት ነው። አፍ በነበራቸው ሰዓት ለሸምሱ ሁለት ቃል ቢናገሩ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። በራሳቸው ተናደዱ። ፒንሳው ጥርሱን ሲገጥም ፊታቸውን ከኪሳቸው መዥረጥ አድርገው ለጠፉት። ቀጭ ብሎ ገባ።

«አትንካው!» ብለው ጮኹ። «ሚስቴ ናት! ድምጿ እዚያ ውስጥ ነው!»

በዚሁ ነቁ።

ላዳዋ የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል። ሸምሱ ፒንሳውን ይዞ በመስኮቱ በኩል አፍጥጦ ያያቸዋል። ማዶ የፍሬን ሸራ የሚሸጡት ሰዎች ሳይቀሩ ዞረዋል። ጋሽ አበጋዝ ደግሞ የቴፑን ፊት በሁለት እጃቸው ጉንጫቸው ላይ ለጥፈው ይዘዋል። ለካስ ከሹፌሩ ወንበር ሲወርዱ እጃቸው እንደ ልማዱ ነቅሎ የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከቶት ኖሯል።

«ምኑን ነው የማልነካው ጋሼ?»

«ቴፑን! ቆረጥከው?»

«ኧረ ማን ነክቶት! ፊቱን ኪስዎ ውስጥ አድርገው ተኙ፤ ያለ ፊት አይሞከር፣ ትልቅ ሰው ከእንቅልፍ አይቀሰቀስ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቅኩዎት። በኋላ ቸገረኝና አዲሱን በባዶ ኤፍ ኤም መስመር አሳለፍኩት፤ አሮጌው ቴፕ ራሱ ተቀብሎ ያሰማዋል። ምንም አልተነቀለም።»

ጋሽ አበጋዝ ትንፋሻቸው መለስ አለ። ወርደው ከፊት ገቡ። ጣሪያዋ ላይ የአዲሱ ሬዲዮ አንቴና፣ ክብ ማግኔት፣ ተለጥፏል። የላዳዋን መሪ አንዴ መታ መታ አደረጉት፤ ይቅር ያሏት መሆናቸው ነው። ፊቱን ቦታው ገጠሙት፣ ቀጭ አለ። አንዲት ሴት በማያውቁት ቋንቋ የሆነ አገር የአየር ጠባይ መናገር ጀመረች። ሸምሱ በኩራት ፈገግ አለ። ጋሽ አበጋዝ ግን ጣታቸውን ሰደው የካሴቱን ቁልፍ ተጫኑ።

ትንሽ ተንሿሿ፤ ከዚያ መጣች።

«አበጋዝ፣ እየሰማኸኝ ነው ወይስ ተኝተሃል?»

ሸምሱ ፒንሳውን ቀስ አድርጎ ኪሱ ከተተ። ጋሽ አበጋዝ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረግ አደረጉ፣ ፀጉራቸውን አስተካከሉና ወደ ቴፑ ጎንበስ አሉ።

«ኧረ አልተኛሁም» ብለው ዋሹ።