ጎጎ ላራይ ከምንጣፉ አልተነሡም

ሰው ቤት ገብቶ ከባለቤቱ ፊት ቀድሞ ወለሉን የሚያይ ሰው ከዘመድ መሀል አይጠፋም። በናይጄሪያዋ ከተማ በካኖ፣ በነዙወይራ ቤተሰብ፣ ይህ ሹመት የአባቷ እህት የክብርት ጎጎ ላራይ ነበር። ሌላ ሴት ሽቶ በምትይዝበት የቦርሳ ኪስ እሳቸው የኮምጣጤ ብልቃጥና የጨው ቋጠሮ ይይዛሉ። ሻይ ሲደፋ ቀድሞ የሚሰማው የእሳቸው ድምፅ ነው፦ "ማንም እንዳያሸው።" ከዚያ በጨርቅ ጫን፣ ጫን፣ ከዳር ወደ መሐል። "እድፍ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው የዘገየ ሰው ነው" ይላሉ። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት፣ የሟች ደግነት እየተወራ ሳለ፣ አንዲት ባልቴትን "እስቲ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ" ብለው ከሥራቸው የወጥ ጠብታ አስለቅቀዋል። ዙወይራ ከልጅነቷ ጀምሮ እሳቸው ባሉበት ብርጭቆ የምትይዘው በሁለት እጇ ነበር።

ዙወይራ ልታገባ ነው። የሙሽራዋ ዕቃ ወደ ባሏ ቤት ከመጫኑ በፊት የሙሽራው ወገን ሴቶች መጥተው ያዩታል፤ ያዩትንም ለአገር ያወራሉ። እናቷ ከዕቃው ሁሉ በላይ የኮሩት በነጩ ምንጣፍ ነው። ሴቶቹ በሚመጡበት ቀን ጠዋት ሙሽራዋ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ የእጇን ሂና ስታደርቅ ስልኳ ጮኸ። እጇን ስትዘረጋ ሂናው ዱብ አለ። ጎጎን ከመጥራት ይልቅ ትራስ ጣለችበት።

ጎጎ እንደገቡ ዓይናቸው መሐል ወለል ላይ ያለ ቦታው የተቀመጠው ትራስ ላይ ዐረፈ። አነሡት። ዙወይራ ውርጅብኙን ጠበቀች፤ እሳቸው ግን ተንበረከኩ። ጫኑ፣ ኮምጣጤ ጠብ አደረጉ፣ ደግመው ጫኑ። ቀለሙ ከእርጥበቱ ጋር ጭራሽ ሰፋ።

"ለምን ወዲያው አልጠራሽኝም?"

"እርስዎን ፈርቼ።"

ይህን የሚያስለቅቅ ነገር ቦርሳቸው ውስጥ አልነበረም። ውጭ የእንግዶቹ ሳቅ ሲሰማ ነጭ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው እድፉ ላይ ተቀመጡ።

የሙሽራው አክስት ሐጂያ ላዲዲ ገቡ። ተነሥቶ መቀበል የጎጎ ወግ ነው፤ አልተነሡም። ጉልበቴን አሞኛል አሉ። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ዘመድ ሰምቶ አያውቅም።

"የሙሽራዋ አክስት ከዙፋናቸው አይወርዱም" አሉ ሐጂያ ላዲዲ። "እኛው እንስገድላቸዋ።"

ሴቶቹ ሳቁ። የዙወይራ እናት በኀፍረት አንገታቸውን ደፉ።

"እርጅና ነው እሜቴ፤ ይቅር በሉኝ" አሉ ጎጎ። ይቅርታ ሲጠይቁም ዙወይራ የዚያን ቀን ገና መስማቷ ነው። ሲበላም ሲዘፈንም ንቅንቅ አላሉም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ዙወይራ ደግፋ አነሣቻቸው፤ እግራቸው እውነትም አልታዘዝ ብሎ ነበር። የልብሳቸው ጀርባ ብርቱካንማ ሆኗል።

"ጎጎ፣ ልብስዎ። ሳይደርቅ ያውልቁልኝና ልጠበው።"

"ተዪው ልጄ" አሉ። "የዘገየሁትስ እኔ ነኝ።"

ከዚያ ጎንበስ ብለው ትራሱን በገዛ እጃቸው እድፉ ላይ መለሱት።