ትል ያለበት ጎመን የሚፈልጉት አቶ ዲበኩሉ

ቲማቲም በሚሸጥበት ከተማ ሁሉ እንደ እሳቸው ያለ አንድ ሰው ተመድቧል። ለሞጆ አለ፣ ለመቂ አለ፣ ለሻሸመኔም አይጠፋም። ለአዳማ የደረሱን ክቡር አቶ ዲበኩሉ ናቸው። ሌላው ሰው አትክልት ተራ መጥቶ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ገዝቶ ይሄዳል። እሳቸው ዋጋ አይጠይቁም። እሳቸው የሚጠይቁት የቲማቲሙን የሕይወት ታሪክ ነው።

ይህን ከደራርቱ በላይ የሚያውቅ የለም። መደቧ አትክልት ተራው መግቢያ ላይ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ጠዋት አቶ ዲበኩሉ ከባጃጅ ሲወርዱ መጀመሪያ የሚያገኙት እሷን ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት የገበያ ኑሮዋ ሰካራም አይታለች፣ ሌባ አይታለች፣ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ለመግዛት ግማሽ ቀን የሚከራከርም አይታለች። እንደ እሳቸው ያደከማት ግን የለም።

አመጣጣቸው ሁሌም አንድ ነው። ኮፍያቸውን አውልቀው «አካም ቡልቴ፣ የኔ ልጅ» ይላሉ፤ ኦሮምኛቸው እዚያ ላይ ያልቃል። ከዚያ መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ያደርጋሉ፣ ምርመራውም ይጀመራል። ይኼ ከመቂ ነው ወይስ ከባቱ? የጠጣው ውኃ የሐይቅ ነው የጉድጓድ? መቼ ተረጨ? ማን ረጨው? በተረጨ በስንተኛው ቀን ተለቀመ? ደራርቱ ቲማቲሙን አምጣ የወለደችው ብትሆን እንኳ ይህን ሁሉ አታውቅም። መጀመሪያ ሰሞን «አላውቅም፣ ጋሼ» ትላቸው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ የማታውቂውን ነገር ለሰው ታበያለሽ ወይ ብለው ይይዟታል። ቆይታ «አልተረጨም» ማለት ጀመረች። ያን ጊዜ ከመነጽራቸው በላይ አፍጥጠው ያዩዋታል፤ ይኼኛው ባሰ።

ነገሩ ሥራቸው ያመጣባቸው ነው። አቶ ዲበኩሉ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ የሸንኮራ መዛኝ ሆነው ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «ልክ ነው፣ እለፈው» የሚላቸውን ሁሉ ሳያምኑ ኖረው፣ በጡረታቸው ማመን ይጀምራሉ ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

እና የሰው ቃል ካልታመነ ምን ይታመን? ክቡርነታቸው ብዙ አስበውበት መልሱን አገኙት። ትል። «ሰው ይዋሻል፣ ትል አይዋሽም» ይላሉ። ትል በልቶት ያልሞተበትን ጎመን ሰው ቢበላው አይጎዳውም፤ ይኸው ነው ትምህርታቸው። ስለዚህ የጥቅል ጎመኑን ቅጠል አንድ በአንድ እየገለጡ ትል ይፈልጋሉ። ሌላው ገዢ ቀዳዳ አይቶ የሚወረውረውን እሳቸው አቧራውን እፍ ብለው ያነሱታል። ያገኙ እንደሆነ ደግሞ በሁለት ጣታቸው ይዘው ከፍ አድርገው ለመንገደኛው ሁሉ ያሳያሉ። ገዢ በተሰበሰበበት ትል ከፍ አድርጎ ማሳየት ለአትክልት ነጋዴ ምን ማለት እንደሆነ የነገደ ያውቀዋል። አንድ ቅዳሜ ሦስት ሴቶች ዘንቢላቸውን ይዘው እልም ብለዋል።

ከደራርቱ ጎን ካሮትና ድንች የምትሸጠው ሃዊ «የትል ጠበቃ» ብላ ስም አወጣችላቸው። ሃዊ ያወጣችው ስም ደግሞ አይለቅም። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ተራውን አዳርሶ ተመለሰ።

ደራርቱም በኋላ ብልሃት አበጀች። ትል የበላውን ጎመን ቀድማ ለብቻ እየለየች ከማዳበሪያ ስር ታስቀምጥላቸው ጀመር። ሲመጡ አውጥታ ትሰጣለች፤ ምርመራ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። እሳቸው እየመረቋት ይሄዳሉ፣ እሷም ታርፋለች። ለበግ ይጣል የነበረው ጎመን ሰው አስደሰተ ማለት ነው፤ እንዲያውም ጽድቅ ጽድቅ ሸቷት ነበር።

አንድ ጊዜ ግን ከዱዋት። ዋናው አስፋልት ዳር አዲስ ሱቅ ተከፍቶ በሩ ላይ በአረንጓዴ ቀለም «ኦርጋኒክ» ተጽፎበታል። ቲማቲሙ አራት አራት እየሆነ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በላዩ ቅጠል የተሳለበት ወረቀት ተለጥፎበት፣ ፍሪጅ ውስጥ ተደርድሯል። አቶ ዲበኩሉ ሁለት ቅዳሜ ከዚያ ገዙ። ደራርቱ እፎይ አለች፤ ሳቋን ግን መቆጣጠር አልቻለችም። የሱቁ ባለቤት በየማለዳው ቲማቲሙን የሚወስደው ከእሷው መደብ ነበራ። በሦስተኛው ቅዳሜ ክቡርነታቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ከች አሉ። ምነው ጠፉ ብትላቸው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ትል እንኳ እንዳላገኙበትና ሱቁ አጭበርባሪ መሆኑን እንደደረሱበት ነገሯት። ሃዊ ድንቹ ላይ ተደፍታ ሳቀች። አጭበርባሪነቱንስ ልክ ነበሩ፤ መንገዱ ነው የተሳሳተው።

ሰው ለምን እንዲህ ይሆናል ብላ ደራርቱ ጠይቃ አታውቅም። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቶ ጭነት ሲያራግፍ የዋለ ሰው የሌላውን ሆድ ለመመርመር አቅም የለውም። ትዝ የሚላት፣ ዱሮ የሚመጡት ሚስታቸው እትዬ ይርጋለም እንደነበሩ ነው። እትዬ ይርጋለም ምንም አይጠይቁም ነበር፤ «ደህና ደህናውን አድርጊልኝ» ብለው፣ የልጆቿን ጤንነት ጠይቀው፣ ይሄዳሉ። ከአንድ ዓመት በፊት ቀሩ። በእሳቸው ፈንታ ያንኑ ዘንቢል አንጠልጥለው ቆስጣን ከሰላጣ የማይለዩ ባላቸው መጡ። እንዴት ሆነው ነው የቀሩት ብሎ መጠየቅ ነበር፤ አልጠየቀችም።

ነገሩ አንድ ቀን እሳቸው ጎመን እየገለጡ ሳለ ከራሳቸው አፍ ወጣ። እትዬ ይርጋለም ጉበታቸውን ታመዋል። ምግብ አያሰኛቸው፣ ቢያሰኛቸውም አይወርድላቸው። ሐኪሙ አትክልት አብዙላት አለ፤ ኬሚካል የነካው እንዳይሆን ተጠንቀቁም አለ። ሁለቱን እንዴት አንድ ላይ ማድረግ እንደሚቻል ግን ሳይነግራቸው ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ። ደራርቱ «ፈጣሪ ይማራቸው» አለችና ሰልፍ የያዘውን ገዢ መመዘኗን ቀጠለች።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ ጉዱን ይዞ የመጣው ወንድሟ ሞቲ ነው። ሞቲ መቂ በመስኖ ቲማቲምና ጥቅል ጎመን የሚያመርት ገበሬ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጭነት ይዞ ሲመጣ ለእህቱ አንድ ፌስታል ለይቶ ያመጣል። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ከጓሮው፣ ከጉድጓዱ አጠገብ ካለችው ቁራጭ መሬት የተቆረጠ ነው። እዚያች ቁራጭ መሬት ላይ የመርጫ ፓምፕ አይደርስም። እዚያ ሰፈር ይኼ ብርቅ አይደለም፤ ገበሬው የሚሸጠውን ይረጫል፣ የሚበላውን አይረጭም። ደራርቱ ፌስታሉን ከመደቧ ስር ትሸጉጠውና ማታ ለልጆቿ ይዛ ትገባለች። ለነፍስ አባቷም አልነገረች። የምትሸጠውን ልጆቿ እንደማይቀምሱት የሰማ ገዢ ይመለሳል እንዴ?

ያን ዕለት ሞቲ ሳጥን እያወረደ አቶ ዲበኩሉ ወንፊት የመሰለ ጎመን ታቅፈው ሲሄዱ አየ። ሽማግሌው ምን ሆነው ነው የተበላውን የሚወስዱት አላት። እሷ እየሳቀች የትሉን ምስክርነት አስረዳችው። እሱ አልሳቀም። የዛሬ ትል የዱሮው ትል አይደለም አላት፤ መድኃኒቱን እንደ ሻይ ለምዶታል። አንዱ አልገድል ሲል ሁለት ትቀላቅላለህ፣ ሁለቱ ሲያቅታቸው ሦስተኛ ትጨምራለህ፣ በየሦስት ቀኑ ትረጫለህ። ቅጠሉ ደህና የሆነው ጎመን ሁለቴ ተረጭቶ የተረፈ ነው። ቀዳዳ የበዛበት ግን ስምንቴ ተረጭቶም ትሉ ያሸነፈው ነው።

«ሰውዬው ከማሳው ሁሉ መርዝ የበዛበትን መርጠው ነው የሚወስዱት» አላት።

ደራርቱ ሳምንቱን ሙሉ ተብሰለሰለች። እኔ አልረጨሁ፣ ትሉን አልቀለብኩ፣ ልውሰድ ያሉት እሳቸው፤ እያለች ለራሷ ጠበቃ ቆመች። ሆዷ ግን እምቢ አላት። ስንት ወር ሙሉ መርጣ ለይታ ያስቀመጠችላቸው እሷ ናት። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ የሚበሉት ግን እትዬ ይርጋለም ናቸው። ብትናገር ደግሞ እሳቸው መቼም ነገር በለሆሳስ አይዙ፣ ጠቅላላ ገበያው ይሰማል። ከዚያ ማን የእሷን ጎመን ይገዛል?

ቅዳሜ መጡ። እንደዚያ ቀን ፊታቸው ፈክቶ አይታ አታውቅም። ማክሰኞ ዕለት እትዬ ይርጋለም ከዚያ ጎመን ሁለት ጉርሻ በልተው ሦስተኛ መጠየቃቸውን ነገሯት፤ ስንት ወር ስንት ጊዜ ለምነዋቸው እምቢ ያሉትን። ያንኑ ዓይነት እንድትሰጣቸው ዘንቢሉን ከፍተው ያዙላት።

ደራርቱ ጎንበስ ብላ ማዳበሪያውን ገለጠች። ጎመኑን ግን አላነሳችም። ቀና ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሞቲ ያላትን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። አትጩሁብኝ እያለች በልቧ ትለምን ነበር።

አልጮሁም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በኮታቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው ሳያደርጉት በእጃቸው እንደያዙት ቆሙ። ያለ መነጽር በጣም ያረጁ ሰው ነበሩ።

«ታዲያ ምን ላብላት?» አሉ።

ያን ሁሉ ቅዳሜ ስንት ጥያቄ ጠይቀዋት መልስ አጥታ ነበር። ለዚህኛው መልስ ነበራት፤ መልሱም እግሯ ስር ነበር። አንዴ ልጆቿን አሰበች፣ አንዴ ሰልፍ የያዙትን ገዢዎች አየች። ከዚያ ፌስታሉን ጎትታ አወጣችው። ትንንሽ ሁለት ጥቅል ጎመን፣ አንድ እሥር ቆስጣ፣ ጎባጣ ጎባጣ ቲማቲም ነበረበት።

«ይኼ የሚሸጥ አይደለም፣ ጋሼ» አለቻቸው። «ልጆቼ የሚበሉት ነው።»

አቶ ዲበኩሉ ፌስታሉን አዩ። ከዚያ መደቡ ላይ የተቆለለውን የሚያብረቀርቅ ቲማቲም አዩ፣ ከዚያ እሷን። ነገሩ ገባቸው። ከየት ነው አላሉም፣ ማን ዘራው አላሉም፣ አንድ ቅጠል እንኳ ሳይገልጡ ዘንቢላቸው ውስጥ ከተቱት።

ደራርቱ የሃዊን ልግጫ እየጠበቀች ወደ ጎን ዞረች። ሃዊ ግን ጎንበስ አለችና ከራሷ መደብ ስር ጥቁር ፌስታል አወጣች፤ እናቷ ከአርሲ ነገሌ ጓሮ የላኩላት ካሮት ነው። ለእትዬ ይርጋለም ይውሰዱላቸው ብላ ከዘንቢሉ ጨመረችው። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ከአንድ ሳህን እየጎረሱ፣ አንዷ የሌላዋን ፌስታል አታውቅም ነበር።

ከሰልፉ ፊት ያለችው ሴትዮ ይህን ሁሉ እያየች ቲማቲም ትመርጥ ነበር። ለእኔም ከዚያኛው አድርጊልኝ አለች። አልቋል ብሎ መሸኘት ይቻል ነበር፤ ደራርቱ ግን መዋሸት ሰለቻት። «አይሸጥም፣ እህቴ፤ የቤቴ ነው» አለቻት። ሴትዮዋ የያዘችውን ቲማቲም ቀስ ብላ መለሰችና ሄደች። ከኋላዋ ያለውም ተከተላት።

አቶ ዲበኩሉ ይህን ሲያዩ ክው አሉ። ገበያዋን እንደገደሉባት ገባቸውና ፌስታሉን ከዘንቢል አውጥተው ሊመልሱላት ዘረጉ። ደራርቱ እጃቸውን ይዛ መለሰችው። ድክም ብሏታል፤ ቀኑ ገና ሁለት ሰዓት ነው፣ የሄደውም ገዢ አይመለስም። እኚህ አንድ ዓመት ሙሉ ያስለፈለፏት ሽማግሌ ግን ያን ሰዓት አንጀቷን በሉት። ለሚስቱ ሁለት ጉርሻ ብሎ የገበያ መሳቂያ የሚሆን ሰው ከወዴት ይገኛል? ወደደቻቸው፤ ስትወዳቸው የኖረች ሁሉ መሰላት።

«ሞቲን ጨምርልኝ እለዋለሁ» አለቻቸው። «ቅዳሜ በጠዋት ነው የሚመጣልኝ። እንዳይቀሩ።»