እምቢታ የማይሰሙት እትዬ ገበያነሽ

በየከተማው እምቢታ የማይሰማ አንድ አማላጅ አይጠፋም። ዛሬ ብትሸኙት ነገ ይመለሳል፤ ብትቆጡት ይመርቃችኋል፤ አሞኛል ብትሉት ሊጠይቃችሁ ይመጣል። የደባርቅ ባለሙሉ ሥልጣን አማላጅ ክብርት እትዬ ገበያነሽ ነበሩ። ከከተማው ሰው ሁሉ አብልጦ የሚያውቃቸው፣ አብልጦም የሚሸሻቸው ደግሞ ባለወፍጮው ወልደ ሩፋኤል ነበር።

የሚያማልዱት ለአንድ ልጃቸው ለድረስ ነው። ድረስ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ጎንደር ያየው ሐኪም ኦቲዝም መሆኑን አስረድቷቸዋል። ጎረቤት ግን ሁሉም ሐኪም ነውና አንዱ ዓይነ ጥላ ነው ይላል፣ ሌላው ጸበል ውሰጂው ይላል። እትዬ ጸበልም ወሰዱት፤ ከጸበል መልስ በቀጥታ ሥራ ፍለጋ ወጡ። ባላቸውን ቀብረዋል፣ የልብ ሕመም አለባቸው። «እኔ ስሄድ ልጄ በሰው ደጅ እንዳይቆም፤ በላቡ ይደር» ነው ነገራቸው ሁሉ።

መጀመሪያ ያስቀጠሩት ተራራ የሚወጡ እንግዶችን ከሚያስተናግድ አንድ ድርጅት ነበር። አለቃው «ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ድንኳኑን ንቀል» አለው። ድረስ የተባለውን የሚፈጽም ሰው ነው፤ ልክ በሰዓቱ ነቀለው። እንግዳው ውስጡ ተኝቶ ነበር። ድረስ በዚያው ቀን ተባረረ። እትዬ አለቃው ዘንድ ሄደው «ጥፋተኛው እንግዳው ነው፤ ሰዓት አያይም?» ብለው ተሟገቱ። አልሆነላቸውም። ቤታቸው ገብተው አለቀሱ፤ በማግሥቱ ወልደ ሩፋኤል ደጅ ላይ ነበሩ።

«እትዬ፣ ወፍጮው ይጮኻል፤ ልጁ ይረበሻል» አለ ወልደ ሩፋኤል።

«ጓዳ አስቀምጠው፤ ጆሮውን በጥጥ እደፍንለታለሁ።»

«ሥራውን ማን ያሳየዋል?»

«እኔ አለሁ!»

እንዳሉትም አደረጉ። እንዝርታቸውን ይዘው ከእህሉ ጓዳ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ እየፈተሉ ሥራውን ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ያሳዩታል። ጆንያ መፍታት፣ ማንጓለል፣ መልቀም፣ መመዘን፣ ማሰር። ሲሳሳት በአጭር ቃል አንዴ ብቻ ይነግሩታል። በሦስተኛው ሳምንት በርጩማቸውን ወደ በሩ ሳቡ፤ በአራተኛው ከደጅ ተቀመጡ፤ በአምስተኛው ቤታቸው ቀሩ። ድረስ የለቀመው ዘር ገብስ አንዲት እንክርዳድ አይገኝበትም። ከመካነ ብርሃን መንገድ የሚመጡ ገበሬዎች ሳይቀሩ «ያ ልጅ የለቀመው አለ?» ብለው ይጠይቁ ጀመር።

ወልደ ሩፋኤል ግን ደመወዝ አልከፈለውም። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ጾመኛ፣ አስቀዳሽ ሰው ነው። ጥፋቱም የመጣው ከዚያው ነው። ለሌሎቹ ሠራተኞች ወሩ ሲያልቅ እያስፈረመ ይከፍላል፤ ለድረስ ግን በየወሩ በሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን፣ «ስለ እመብርሃን» ብሎ ብር ያስጨብጠዋል።

«ልጄ ሠራተኛህ ነው ወይስ የኔ ቢጤ?» አሉት እትዬ።

«እትዬ፣ ጽድቄን አይውሰዱብኝ! ደመወዝ ካልኩትማ ምኑን በረከት ሆነ?»

ስምንት ወር ሙሉ ተሟገቱት። በመጨረሻ ለነፍስ አባቱ ለአባ ገብረ ኪዳን ነገሩበት። አባም አስጠርተው «አንተ ሰው፣ በዕዳህ ልትጸድቅ ኖሯል?» አሉት። ወልደ ሩፋኤል ከሐፍረቱ ብዛት ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም።

በሦስተኛው ቀን የስምንት ወሩን ደመወዝና የመክፈያ መዝገቡን ይዞ ወደ እትዬ ቤት ሄደ። እትዬ የልብ ሕመማቸው ጠንቶባቸው አልጋ ላይ ነበሩ። ብሩን ሊሰጣቸው ሲል በአገጫቸው ወደ ልጃቸው አመለከቱት። ድረስ ከመፈረሙ በፊት የተጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበ። «ድረስ ቴዎፍሎስ። እህል ለቃሚ። ሠራተኛ።» ደገመው፤ ሠለሰው። እናቱ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፤ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ።

«እንግዲህ ሠራተኛህ ከሆነ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔ ስሞት ፈቃድ ትሰጠዋለህ። ደመወዙ ሳይቆረጥ።»

«ኧረ እትዬ፣ እግዜር ይማርዎ! ምን ይላሉ?»

«ትሰጠዋለህ አትሰጠውም?»

«እሰጠዋለሁ። አርባዎ እስኪወጣ ይረፍ።»

«አርባ? ልጄን ልታበላሽብኝ ነው? ልማዱ ሲቋረጥ ይጨንቀዋል። ሦስት ቀን ይበቃዋል።»

«ሰባት ይሁን፣ እትዬ። በሞቴ!»

«ሦስት አልኩህ። ሰልስቴ ሲወጣ በአራተኛው ቀን ይግባ።»

ወልደ ሩፋኤል በንግድ ዘመኑ ሁሉ እንዲህ ዓይነት ክርክር አልገጠመውም፤ እሱ ይጨምራል፣ እሳቸው ይቀንሳሉ። የሚቀንሱትም ለራሳቸው የሚለቀሰውን ለቅሶ ነበር። እንደ ልማዱ ተረታ። ያን ጊዜ ነው ሲሸሻቸው የኖረውን እኚህን ሴት ምን ያህል እንደሚወዳቸው የገባው።

እትዬ ገበያነሽ በግንቦት መጨረሻ አረፉ። ሰልስታቸው በወጣ ማግሥት ወልደ ሩፋኤል ወፍጮ ቤቱን ሊከፍት ሲመጣ ፀሐይ ወጥታለች፤ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ድረስ ከሰል የመሰለ የሐዘን ልብሱን ለብሶ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«ጋሼ፣ አርፍደዋል» አለው።

«አዎ ልጄ» አለ ወልደ ሩፋኤል፤ ቁልፉን እንደያዘ ቆሞ አለቀሰ።