ለአራስ ሚስቴ ጎመን ያበሰልኩ ጊዜ

ብነግራችሁ አታምኑኝም! አንድ ድስት ጎመን ትዳሬን ሊያፈርስብኝ ነበር።

እውነቴን ነው። መጠጥ አይደለም። ቁማር አይደለም። ሌላ ሴትም አይደለችም። ጎመን!

የልጅ ልጄ ዛሬ ጠዋት ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። አንዲት ቆንጆ ልጅ ቆስጣ እየከተፈች "በአምስት ደቂቃ ጤናማ ምሳ!" ትላለች። ስንት ሺህ ሰው ላይክ አድርጎላታል። ኮመንቱ ሁሉ የልብ ምስል ነው።

እኔ ይህንኑ ምሳ በጃንሆይ ጊዜ፣ እዚሁ አቃቂ ላይ ሠርቼዋለሁ። ላይክ ያደረገኝ አንድም ሰው አልነበረም!

ይህን ብዬ ስበሳጭ ልጅቷ ሳቀችና "አያዬ፣ ለምን ፖስት አታደርገውም?" አለችኝ። ይኸው፣ አደረግሁት።

ያኔ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነበርኩ፤ ክርና ጨርቅ በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን እጠብቃለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ነው። ማንበብ የለመድኩት ደግሞ ከመጠቅለያ ወረቀት ነው። የሰፈራችን ባለሱቅ ከድር ስኳርና ጨው የሚጠቀልለው በአሮጌ ጋዜጣና መጽሔት ስለነበር፣ ስኳሩን ለባለቤቴ እሰጥና ወረቀቱን እኔ እወስዳለሁ። አጥፌ፣ ፍራሽ ሥር አስቀምጬ፣ ደጋግሜ አነበዋለሁ።

በራሱ ጥረት የተማረ ሰው ችግሩ ምን መሰላችሁ?

ይሰብካል!

በምሳ ሰዓት ጓደኞቼ እንጀራቸውን ፈትተው ሲቀመጡ እኔ እቆማለሁ። "ሥጋ ሥጋ የምትሉት ለታይታ ነው! ክረምት ሲገባ ጓሯችሁ የሚያበቅለውን ቅጠል ብሉ! ሰነፍ ሁላ!" እላለሁ። "ዶክተር ጎመን" የሚል ስም አወጡልኝ።

ፌዝ መሆኑ አልገባኝም። ኮራሁ እንጂ!

አንድ ቀን የከድር ጨው ስለ ቅጠላ ቅጠል በሚያወራ ገጽ ተጠቅልሎ መጣ። ጎመን ደም ይተካል ይላል። ደም ለፈሰሳት ሴት መልካም ነው ይላል። ብዙ ከተቀቀለ ግን ጥቅሙ ይጠፋል፣ ቶሎ ይውጣ ይላል። ገጹ ከወገቡ በታች ተቀዷል። ምን ቸገረኝ? ለእኔ ግማሹም ይበቃኛል!

በዚያው ሐምሌ ባለቤቴ ተዋበች የመጀመሪያ ልጃችንን ወለደች። ሴት ልጅ።

የአገሩን ወግ ታውቁታላችሁ። ጎረቤት ሴቶች ገንፎ አገንፍተው፣ ቅቤ አቅልጠው፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እያሉ መጡ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

"እግዜር ይስጥልን። ግን ገንፎና ቅቤ ሆድ ከመዝጋት በቀር ፋይዳ የለውም። ከዛሬ ጀምሮ ምግቧን የማበስለው እኔ ነኝ።"

አንዷ የገንፎ ሳህኗን በነጠላዋ ሸፈነች። "ወንድ ለአራስ ሊያበስል? ዘንድሮ የማንሰማው የለም!" ብላ ተመለሰች። በማግስቱ አንዳቸውም አልመጡም።

ተዋበች ምን አለች? ምንም። ዝም አለች። እኔም ዝምታዋን እሺታ ነው ብዬ ያዝኩት።

አሁን፣ ሙያዬን አትናቁ። የምሳ ጡሩምባ ሲነፋ ከፋብሪካው ወጥቼ እሮጣለሁ፤ ቤታችን ቅርብ ነው። ጎመኑን ከጓሮ እቀጥፋለሁ፣ ለጋ ለጋውን ብቻ። አፈሩ እስኪለቅ ሦስት ውሃ አጥበዋለሁ። ወፍራሙን የመሀል ግንድ አወጣና ቅጠሉን ደራርቤ፣ እንደ ሲጋራ ጠቅልዬ፣ በቀጭኑ እከትፈዋለሁ። ቡታጋዙ ላይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በጥቂት ዘይት ጠበስ፤ ጎመኑን ጨምሮ ጨው ነስነስ፤ ክድን። አረንጓዴነቱ ሳይሞት ማውጣት ነው። ቆስጣ ከሆነ ደግሞ ዞር ብላችሁ ሳትመለሱ ይደርሳል። ቃሪያ ሰንጥቄ ከላይ ጣል አደርግና፣ የመመለሻው ጡሩምባ ሳይነፋ ማሽኔ ላይ ነኝ!

ሰኞ ጎመን። ማክሰኞ ቆስጣ። ረቡዕ ጎመን በድንች። ሐሙስ ጎመን ያለ ድንች።

አሥራ ሁለት ቀን!

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አማቴ እማማ የሺ ከሞጆ በባቡር መጣች። ክረምቱ የባቡሩን መንገድ ዘግቶባት ነው የዘገየችው። በአንድ እጇ ሁለት ዶሮ አንጠልጥላለች፤ በሌላው የቅቤ ቅል። ገና ከመግባቷ ዓይኗ የልጇ ጭን ላይ ባለው ሳህን ላይ አረፈ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ጎመን ነው እማማ፣ ደም ይተካል" አልኩ፣ ጭልፋ እንደያዝኩ።

"ለማን ነው?"

"ለተዋበች።"

"ለአራስ? ጎመን?" ዶሮዎቹን ለቀቀቻቸው። "ልጄን ለሰው ዳርኩ ብዬ! ጥንቸል አደረግሃት?"

"እማማ፣ እርስዎ አያውቁትም እንጂ ተጽፎ ያለ ነገር ነው" አልኩና ወረቀቴን ከፍራሽ ሥር አወጣሁ። ጎላ አድርጌ አነበብኩላት። እጆቿን አጣምራ በትዕግሥት ሰማችኝ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ተቀዷል።"

"ከተቀደደው በታች ምን ይል ነበር?"

"እኔ እንጃ።"

"ገንፎም ስጧት ይል ይሆናላ!"

ወገኖቼ፣ ፊደል የማታውቅ ሴት ናት! ይህ ጥያቄ በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ አንዴም ወደ ጭንቅላቴ አልመጣም ነበር። ጡሩምባው ተነፋ።

"ሂድ ወደ ሥራህ። ነገ በጠዋቱ ባቡር ልጄንም ልጇንም ይዤ እሄዳለሁ" አለችኝ።

ተዋበችን አየኋት። "አልሄድም" ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። የሕፃኗን መጠቅለያ ታስተካክላለች። አላለችም!

ከሰዓቱን እንዴት እንደሠራሁ አላውቅም። ክሩ ሁሉ ይበጠሳል።

ውርደቱ ግን ገና አልመጣም ነበር።

ለካ እማማ የሺ ተከትላኝ እስከ ፋብሪካው በር መጥታ ኖሯል! ዘበኛውን "ይህ ልጅ ደሞዝ ተቆርጦበታል እንዴ? ልጄ አራስ ሆና ጎመን ትበላለች" ብላ አልቅሳበታለች። ዘበኛው ለካቦው ነገረ። ካቦው ደምሴ ለክፍሉ ሁሉ ነገረ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስወጣ ጓደኞቼ በዝናቡ ውስጥ ተሰልፈው ይጠብቁኛል። ደምሴ በገመድ የታሰረ በግ ይዟል።

ትክክል አንብባችኋል። በግ! ከሰዓቱን አዋጥተው አስገዝተውት ኖሯል።

"ዶክተር" አለኝ ደምሴ፣ ድምፁ ተሰብሮ። "ለምን አልነገርከንም? እኛ እኮ ጎመን ጎመን የምትለው ለትምህርት መስሎን ነበር። ለካ ቤትህ ሌላ ስለጠፋ ነው! በየምሳው ስንስቅብህ ከረምን። ይቅር በለን።"

ከኋላው አንዱ ዓይኑን ይጠርጋል። አንዱ ደርዘን እንቁላል በእጄ ላይ አስቀመጠ።

አሁን እናንተ በእኔ ቦታ ሁኑ። እውነቱን ብናገር፣ ደሞዜ ሙሉ ነው፣ ሥጋም መግዛት እችላለሁ፣ አራስ ሚስቴን ጎመን ያበላኋት በገዛ ፈቃዴ ነው ማለት ነው። ዝም ብል ደግሞ ድሃ ነኝ ማለት ነው።

ወይ ጨካኝ፣ ወይ ድሃ። ምረጥ!

ውሸት ነውር ነው እያልኩ የሰውን ልጅ ሁሉ ስገሥጽ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንገቴን ደፋሁና፣ "ምን ላድርግ፣ ቸግሮኝ ነው" አልኩ።

በጉን እየጎተትኩ ወደ ቤት ሄድኩ። በየደጃፉ የቆመ ሰው "አይዞህ፣ ያልፋል!" ይለኛል። ከድር ከሱቁ ወጥቶ ግማሽ ኪሎ ስኳር ጨመረልኝ። በጉ እንኳ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ሳያስቸግረኝ ተከተለኝ።

ቤት ስደርስ ዕቃው ታስሯል። እማማ የሺ በጉን አየችና ግንባሯን ፈታች። "ደግ ሰዎች አሉህ" አለች። ከዚያ ወጥታ ከተዋበች ጋር ብቻችንን ተወችን።

"ትሄጃለሽ?" አልኳት።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለች። "ጎመኑ ክፉ አልነበረም። ሙያ አለህ። ግን በዚህ አሥራ ሁለት ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ 'ምን ያሰኝሻል?' ብለኸኛል?"

አሰብኩ። ሰኞ? አላልኩም። ማክሰኞ? አላልኩም። ወረቀቱን መቶ ጊዜ አንብቤዋለሁ። እሷን አንድ ጊዜ አልጠየቅኋትም።

"አላልኩም" አልኩ። "እሺ። አሁን ምን ያሰኝሻል?"

"እናቴ ጋ መሄድ።"

ይኸውላችሁ! በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅሁ፣ መልሱ ይህ ሆነ። ከጠየቁ በኋላ ደግሞ እንዴት እምቢ ይባላል?

በማግስቱ ዕቃዋን ተሸክሜ ጣቢያ አደረስኳቸው። ሕፃኗን አቀበልኩ። በጉንም አብሬ አሳፈርኩ፤ ለእሷ የተሰጠ ነዋ! ባቡሩ ሊነሳ ሲል እማማ የሺ በመስኮት ብቅ አለች።

"እስክትመለስ ጎመኑን ለራስህ ቀቅል!"

መንገደኛው ሁሉ ሳቀ።

እኔም እልኸኛ ነኝ፣ ቀቀልኩ። ሰኞ ጎመን። ማክሰኞ ቆስጣ። እሷን ለአሥራ ሁለት ቀን ያበላሁትን እኔ በስንተኛው ቀን እጅ የሰጠሁ ይመስላችኋል?

በስድስተኛው! ያውም ያልወለድኩ፣ ደም ያልፈሰሰኝ፣ በሁለት እግሬ የምሄድ ወንድ! ሳህኑን ገፋ አድርጌ ባዶ ቤት ውስጥ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ነው በደንብ ያፈርኩት። በሰው ፊት ካፈርኩት ይበልጣል።

ተዋበች መስከረም ሲጠባ ጉንጯ ሞልቶ ተመለሰች። ከባቡሩ ሳትወርድ "ምን ያሰኝሻል?" አልኳት። ማታም ጠየቅኋት። ጠዋትም። እንዲህ ሳምንት ሆነን። በሳምንቱ ጭልፋውን ወረወረች፦ "ኧረ ሰውዬ! ጎመኑን ስትተው ደግሞ በጥያቄ ልትገድለኝ ነው?"

ልክና መጠን የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ምን ላድርግ!

ይህን ስጽፍ ተዋበች አጠገቤ ተቀምጣለች። "የበጉን ነገር በትክክል ጻፈው፣ እንዳታሳምረው" ትለኛለች። እሺ፣ ሳላሳምር፦ አልተቸገርኩም ነበር። ዋሸኋቸው። ደምሴ እስኪሞት ድረስ እያዘነልኝ ኖረ፤ ለቀብሩ ሄጄ እንኳ ለማንም አልተናገርኩም። ሰውን ሁሉ "እውነት ተናገር" ስል ይህን ሁሉ ዓመት አፌን ሞልቼ ነው።

እንግዲህ አባታችሁ ያኔ አቃቂ ፋብሪካ ይሠራ ከነበረና "ለአንድ ድሃ ጓደኛችን በግ ገዛንለት" ብሎ ነግሯችሁ ከነበረ፣ ድሃው እኔ ነኝ። ይቅርታችሁን እለምናለሁ። ኑ፣ ምሳ ልጋብዛችሁ፣ በእጄ አብስዬ።

ግን ከመምጣታችሁ በፊት ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፦ ምን ያሰኛችኋል?